የአንጀት ክር

ከሱፍ መጋዘን ኋላ፣ ቻርልቪል ዳርቻ፣
አባትሽ ክላሪ በአካፋው ብቻ
ኩይሳ አፈረሰ፤
ምስጥ ዘመን ቆጥሮ የካበውን አፈር ፈጭቶ አለሰለሰ፤
ዳመጠው በበርሜል፣ ኖራ አሰመረለት፣
የዶሮ ሽቦውን ለመረብ ሰቀለት።
ቀይ ነበር ሜዳሽ፤ ኳስሽም፣ ካልሲሽም፣ ቅንድብሽም ቀይ፤
ዝናብ ቃል ገብቶ ከሚቀርበት ሰማይ
ሥር ቆመሽ ከቆርቆሮው ግድግዳ ስትጫወቺ
ግድግዳው አይስትም፤ ተሸናፊ አንቺ።
ማታም ትመለሺ ነበር ራኬትሽን ይዘሽ፣
በትራክተሩ መብራት፣ በጨረቃ ታግዘሽ።

እኔ ኮርቻ ሰፊ ነኝ፤ ከቴኒስ ጋር አንተዋወቅም ነበር።
የተበጠሰ ራኬት ይዘሽ ስትቆሚ ከደጄ፣
ወስፌዬን አስቀምጬ ተቀበልኩሽ በእጄ።
«ክሩ ከምንድን ነው?» አልሽ።
«ከአንጀት። ከበግ አንጀት። ሲወጠር ነው ድምፁ የሚያምር፤
ከልኩ ካለፈ ግን ይበጠሳል ሳይናገር።»
«አጥብቀው» አልሽ። ዐሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር።

በዐሥራ ስድስትሽ ባቡሩ ብሪስቤን ወሰደሽ።
«ነጭ ልበሺ» ተባልሽ፤
እናትሽ ሜቪስ አንሶላ ቀዳ ቀሚስ ሰፋችልሽ፤
ቀዩ አፈር ግን እስከ መጨረሻው ከጥፍርሽ አልወጣልሽ።

ከዚያ ፖስታ ካርድ ሆንሽ።
ከሆባርት፦ «ሁለተኛ ዙር። ጉልበቴ አብጧል።»
ከኢስትቦርን፦ «ዝናብ። በዚህ ጨዋታ ዜሮን ፍቅር ይሉታል፤
ስድስት ለፍቅር ተሸነፍኩ። ለሚጠይቅህ ሁሉ
በፍቅር ተረታች በል፣ ያ ይሻላል።»
ከዱስልዶርፍ፦ «መኪና ውስጥ አደርን፣ ብርዱ እስከ ራስ፤
እራት ግማሽ ዳቦ፣ ትራስ ስድስት ኳስ።»
ከሁሉም ግርጌ፦ «ክር ላክልኝ።»
አንድ ጊዜ ብቻ ቁጥር ጻፍሽ፦ መቶ ዐሥራ ስምንት፣
ከዓለም። በሱቄ መስኮት ለጠፍኩት፤
ፀሐይ እስክትበላው ድረስ አላፊው አነበበው፣
አንዳንዱ የስልክ ቁጥር መሰለው።

ከዚያ ኩዮንግ መጣ፣ ሜልቦርን፣ የሣር ሜዳ፣
ሦስተኛው ዙር። ከወዲያ አንዲት ግራኝ፣ ምቷ የአለት ናዳ።
በግ ሸላቾች መቀስ ጥለው ሱቄን ሞሉት፣
ሬዲዮኑን እንደ ፈረሰኛ ኮርቻ ላይ አወጡት።
አንድ ነጥብ ቀረሽ። አንድ።
አባትሽ ባርኔጣውን አውልቆ ወለል ወለሉን ያያል፣
ጋዜጠኛው ትንፋሽ አጥሮት «ናሬል ወጣች፣ ናሬል» ይላል፤
ከዚያ ከሕዝቡ ጩኸት ሥር እኔ ብቻ የማውቀው ድምፅ፦
ጧ።
ኳሷ መረብ ውስጥ ሞተች። ሌሎቹ ነጥቦች ተከታትለው ሄዱ፤
ሸላቾቹም ሬዲዮኑን ሳይዘጉ አንድ በአንድ ደረጃውን ወረዱ።

ልንገርሽ፤ ያ ጥቅል ያረጀ ነበር፣ ከመደርደሪያው ሥር፣
ጎርፍ የገባ ዓመት እርጥበት ያገኘው፤ በጣቴ ዳስሼ አውቄው ነበር።
አዲስ ለማዘዝ ሠላሳ ዶላር አንሶኝ
«ይይዛል» አልኩ፣ ለራሴ እንኳ ድምፄ ሳስቶብኝ።

ከዚያ ትከሻሽ። ከዚያ ማጣሪያ፣ ባዶ ወንበር፣
ስምሽን አጣሞ የሚጠራ ዳኛ፣ የሰው አገር።
በሠላሳ ሁለትሽ የሌሊት አውቶቡስ ማደያው ጋ አራገፈሽ፤
ሹፌሩ ሻንጣሽን እያወረደ «ሙዚቀኛ ነሽ?» አለሽ።
አሁን በዚያው ኩይሳ ላይ ልጆች ታስተምሪያለሽ፣
«ግድግዳው አይስትም፣ አትናደዱበት» እያልሽ።

እሑድ ዕለት መጣሁ። ከቤቴ እስከ በርሽ
ቃሉን ደርድሬው ነበር፣ ልነግርሽ።
ጓሮ ነበርሽ፣ ቲማቲም መሃል። «ና፣ ይሄን ግንድ ያዝልኝ» አልሽ፤
ከእንጨቱ ጋር ያሰርሽበት ክር ዓይኔን ያዘው፤
ቢጫ፣ ወዛም፣ ጫፉ የተተረተረ። የእጄ ሥራ ነው።
«ከኩዮንግ ነው» አልሽ ቀና ሳትይ፣ «ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው።
በየበጋው ፈትቼ አስረዋለሁ።»
ፍሬው ቀልቶ ተንጠልጥሏል። ክሩ ይዞታል።

ሦስት ቲማቲም ኪሴ ጨምረሽ ሸኘሽኝ።
ቃሉን ከነድርድሩ ይዤ ተመለስኩ፤
አንዱ ቲማቲም መንገድ ላይ ፈነዳብኝ።