የሐሙስ ጀልባ

እኔ ትኬት ቆራጭ፣ የሐሙሱ ጀልባ፤
ሰው አውቃለሁ ገና ከደቅ ሲገባ፤
ባለማንጎ በጆንያው፣ ባለፍየል በገመድ፣
ባለጥርስ በነጠላው፣ አገጩን ጠፍሮ ሲራመድ።
ከሞተሩ የራቀች አንዲት ወንበር አለች፣
ንዝረት ስለማይነካት ለጥርስ ተይዛለች።

ያን ለት አንጓች መጣች፣ የቢምረው ሚስት፣
ሦስት ሳምንት ቅርንፉድ ነክሳ፣
ጥጥ በአረቄ አርሳ።
አንጥረኛው ጉጠቱን አዘጋጅቶ ቢጠራትም
«ማረሻ ሲይዝበት አይቻለሁ፤ አፌንስ አልሰጠውም»
ብላ።
ትኬት ቆረጥኩላት፤ ቃል አልተነፈሰች፤
ማዕበል ሲመታን የጀልባውን ብረት እየጨበጠች
አምስት ሰዓት ዘለቀች።

ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ቱሪስት ተሰልፏል።
ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ጉማሬ ይታያል፤
አፉን ሲከፍት፣
ጥርሱን ለማየት
በነፍስ ወከፍ ይከፈላል።
አንጓች ይህን ሰማችና በግማሽ አፏ ሳቀች፤
«እኔ አፌን ስከፍት ግን ከፋይዋ እኔው ነኝ» አለች።

የሰዓቱን ነገር እዚህ ላይ ላስረዳ፣
ግጥም ባይሆንም፣ እሱ ነው ዋናው ዕዳ።
ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት እንደርሳለን፤
ካርድ ክፍሉ ተዘግቷል።
ዓርብ በአሥራ ሁለት ተመልሰን እንነሣለን፤
ካርድ ክፍሉ በሁለት ይከፈታል።
ስለዚህ ጥርሱን የታመመ የደቅ ሰው
ሳምንት ይከርማል ከተማ፣
ዘመድ ያለው ከዘመዱ፣
የሌለው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ በሸማ።

በሳምንቱ ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ መጣች፤
ነጠላው ከአገጯ ወርዷል። ያለችው ይኸው፦

«ዓርብ አሥራ ስድስተኛ ነበርኩ፤ የሚታየው አሥራ አምስት።
ሰኞ ወንበሩ ታመመ፤ አልነሣም አለ ክንዱ፤
ዕቃው ከአዲስ አበባ፣ አሉ፣ ገና ነው መንገዱ።
ማክሰኞ መብራት ሄደ። ረቡዕ አንዲት ቀጭን ልጅ፣
ባትሪ በግራ፣ መስተዋት በቀኝ እጅ፣
አፌን አይታ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ረዘመ።
‹እማማ፣ ሥሩ ደኅና ነው፣ ላዩ ነው የታመመ፤
አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ተጠርጎ ይሞላ ነበር፤
እዚህ መሙያው ካለቀ ቆየ፤ መንቀል ነው፣ የለኝም ሌላ ምክር።›

ጥርስስ አገር ይመርጣል? አልኩ በሆዴ። የሸገሩም የደቁም
ያንኑ ሽምብራ ሲፈጭ ወረዳ አይጠይቅም።
ንቀይው አልኳት።
ስትነቅለው፣ የሰረቀች ይመስል፣
‹ይቅርታ እማማ፣ ይቅርታ› ስትል
እኔው አባበልኳት።»

ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤
ጥርሷን ለምና ወስዳው ኖሯል። መዳፌ ላይ አኖረች።
አንድ ጎኑ የጠቆረ፣ ሌላው እንደ ወተት፣
ሦስት እግር አለው፣ ልክ እንደ ጉልቻ።
«ልጅ ሳለን ጣራ ላይ ወርውረን
አሮጌውን ውሰድ፣ አዲሱን አምጣ እንል አልነበር ለወፍ?
አሁን ለየትኛው ልወርውር?
ያ ትልቁ፣ ከረጢት አፉ» አለች፣ ከድንጋዩ ላይ የቆመውን ፔሊካን እያየች፣
«እሱ ራሱ ጥርስ የለው!»
መልሳ ቋጠረችው።

ከዚያ እጇን ዘረጋች፦ «ዋጋ ቀንስልኝ እንጂ፤
ስመጣ ከነጥርሴ ነበርኩ፣ ቀልዬ ነው የምሄደው።»
አሥር ብር ተውኩላት።

ጀልባው ሲነሣ የዳር ዘንባባዎች ወደ ኋላ ቀሩ፤
ምላሴ ሳላዛት ወደ ግራ ሄደች፣
ከመስቀል ጀምሮ ያለችውን ጉድጓድ ዳሰሰች።
እኔ ባሕር ዳር በየሳምንቱ አድራለሁ፤
የዚያን ካርድ ክፍል መስኮት ግን ክፍት ሆኖ አይቼው አላውቅም።
አንጓች ከፊት ሆና፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ ከሴቶቹ ጋር ታወጋለች።
ያቺ ወንበር ባዶ ነበረች።

ተቀመጥኩባት።