እንዴት ነው የሚለው?

ፖርቶ በዝናብ ቀን ደረጃው ያዳልጣል፤
የተበላሸ ነገር ሁልጊዜ አራተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል።
አደሊኖ ይቀድማል፣ የመፍቻ ሣጥኑ በትከሻው፣
እኔ ባልዲና ጨርቅ ይዤ እከተላለሁ ከኋላው።

በር ሲከፈትለት ሰላምታው አንድ ነው፦
«ደህና ዋሉ፤ ማሽኑ እንዴት ነው የሚለው?
በቃል አይንገሩኝ፤ ያሰሙኝ፣ እንደሱ ይሁኑ።»
ሰው መጀመሪያ ያፍራል፤ ኋላ ይናጣል፣ ያጓራል እንደ ማሽኑ።

ውል ጸሐፊው ቤልሺዮር ከረባቱን እንዳሰረ
ጉንጩን ነፍቶ «ቡልቅ ቡልቅ» አለ፣ «ሲጥጥ» ብሎ ቀረ።
«ውሃ ማስወጫው» አለ አደሊኖ። የታችኛውን ክዳን ፈታን፤
የሕፃን ካልሲ፣ ከሥሩም አንድ የቼዝ ወታደር አገኘን።
ቤልሺዮር ወታደሩን በመሐረቡ አደረቀው።
«ሰባት ወር» አለ፣ «በጠርሙስ ክዳን ነው የምዋጋው።»

ዓሣ ጠባሿ ኢርሜሊንዳ ደግሞ፣ ስለ እቃ ማጠቢያዋ፦
«ድምፁስ ጤና ነው፤ ብርጭቆው ነው እንደገባ የሚወጣው።»
«ቢሆንም ያሰሙኝ።» በጥርሷ መካከል
«ሽሽ… ሽሽ…» ብላ ሦስተኛው ላይ ትንፋሿን ዋጠችው።
የሚረጨውን ክንፍ ነቅሎ ወደ መስኮቱ ይዞ አጮለቀ፤
የሰርዲን አጥንት ቀዳዳውን ዘግቶ ውሃው እዚያው ታነቀ።

እዚህ አገር ውሃው ለስላሳ ነው፣ ከግራናይት የሚወርድ፤
ማሞቂያ ላይ አይጋገርም፣ ቧንቧ ውስጥ አይከመርም እንደ በረድ።
የሌላው ከተማ ጠጋኝ በኖራ ይኖራል።
እኛን ካልሲና አጥንት ያኖረናል።

ፎንታይኛስ፣ ገደሉ አፋፍ፣ ዶና ገርትሩደስ ቤት ስንገባ
ማሽኑ ጭመቃ ላይ ሲደርስ ከግድግዳ ግድግዳ እየዘለለ ነበር።
«እንዴት ነው የሚለው?» አላት። እጇን አጣምራ፦
«እኔ ዝንጀሮ አይደለሁም፤ ጆሮ ካለህ ራስህ ስማ!»
አለች ፊቷን አኮማትራ።

ዝም አለ።
ማሽኑን አስነሣው። ወለሉ ይደበደባል፣ ሳህኖች ይንቀጫቀጫሉ፤
የአደሊኖ ዓይኖች ግን ማሽኑን ትተው የእኔን ከንፈር ይጠብቃሉ።

ለካ ጨዋታ አልነበረም። ለካ የሰው ፊት ያነብ ነበር፤
የቤልሺዮርን ጉንጭ፣ የኢርሜሊንዳን የከንፈር ዳር።
ትናንት ቁልቁለቱ ላይ ትራሙ ከጀርባው ደወል ሲያንጫርር
ዘወር ያላለው፣ እኔም በኩራት ነው ብዬ የታዘብኩት፣
እጅጌውን ይዤ ስጎትተው የተቆጣኝ፣ የተቆጣሁት…

«ኩሽኔታው ነው» አልኩት፣ ቀስ ብዬ፣ አፌን ከፍቼ።
መዳፉን ክዳኑ ላይ ዘረጋ። ዓይኑን ጨፈነ።
«አይደለም። ኩሽኔታ የጣትን ጫፍ ያሳክካል።
ይሄ ክርኔን ነው የሚመታኝ።»

ክዳኑን በካቻቢቴ አነሣን። ከበሮው ላይ የተጫነው ሲሚንቶ፣
ማሽን እንዳይበርር የሚታሰርለት ድንጋይ፣ ይወዛወዛል ብሎኑ ላልቶ።
ሦስት ዓመት ሙሉ በጆሮዬ ስመካ
በሁለት ዙር መፍቻ አፈርኩ።

«እቤቴ ድንጋይ ነበረ እንዴ?» አለች ዶና ገርትሩደስ፣
ጀርባዋን ሰጥታን፣ የኪስ ቦርሳዋን ስትዳስስ።
«ስንት ነው?» አለች ደግሞ። እሱ ጣቱን ያብሳል።
«የአንድ ብሎን» አልኩኝ እኔ።
ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ሣጥኑን ቆለፈ።

ደረጃውን ስንወርድ አንዳችም አልተነጋገርን።
ዝናቡ አላባራም። ሌላ ቤት ቀርቶን ነበር፣ ደግሞ አራተኛ ፎቅ፣
ኮሪደሩ ድቅድቅ፣
የምትከፍተው ልጅ በሕፃን አዝላ፣ ፊቷ ጥላ።

«ደህና ዋልሽ» አላት፣ «ማሽኑ እንዴት ነው የሚለው?»

ከመመለሷ በፊት
እጄን በግድግዳው ሰድጄ
መብራቱን አበራሁት።