ጎታቹ ውሃ አይረግጥም

ከዋናው መስመር ተገንጥሎ፣
ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር በገደል አፍ ተንጠልጥሎ፣
ቴትሎ ሐይቅ ሲደርስ ያልቃል የኛ ሐዲድ፤
ከዚያ ወዲያ ውሃ ነው፤ ከውሃው ማዶ ጥድ።

ምዕራብ ካናዳ፣ ልክ በካርታው መታጠፊያ፣
ሁለት መሰንጠቂያ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ የሰጋቱራ ማቃጠያ፤
ነፋስ ከደቡብ ሲነሳ፣ የታጠበ ልብስ
ገመድ ላይ እንዳለ ጠቁሮ የሚያድርበት፣
ዳቦው፣ ትራሱ፣ የሕፃን ፀጉር ሳይቀር ዝግባ ዝግባ የሚልበት።

እኔ ፍሬን ያዥ ነበርሁ። ሥራዬ መሐል መቆም፤
ፉርጎና ፉርጎ ሊሳሳሙ ሲሉ እጄን ማውጣት፣ አለመቅደም፣ አለመዘግየትም።
(ለዚህ ትምህርት ሁለት ጣት ከፍያለሁ፤
ግራ እጄ ነው፤ ሰላምታ በቀኝ እሰጣለሁ።)

ማክሰኞና ዓርብ፣ ጭጋጉ ከውሃው ሳይነሳ፣
ባርጁ ይመጣል፣ ሰፊ፣ ድምፅ አልባ እንደ ዓሣ፤
ጀርባው ላይ ሐዲድ አለው፣ ሁለት መስመር ጎን ለጎን፤
ከማዶ ያመጣል ጣውላ የጠገበ ፉርጎን።
ድልድዩን እናወርዳለን፤ ሐዲድ ከሐዲድ ይገጥማል፤
ካፒቴን ኦድቫር ከላይ ቆሞ «ቀስ!» ይላል።
አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ፣ ደግሞ አንድ ከግራ፤
ባርጅ ሚዛን ነው፤ ያደላ ሰው ይፍራ።

ጎታቹ ግን አይወጣም።
ባዶ ፉርጎ ሦስት ከፊቱ እናስቀድማለን፤
እንደ ረጅም ክንድ በነሱ እንገፋለን፣ በነሱ እንስባለን።
እሱ ከድንጋዩ ላይ ቆሞ፣ የእግሩ ጫፍ ሳይርስ፣
ስንቱን ሸኘ ለውሃ፣ እስከ ሃያ ስድስት ዓመት ድረስ።

ነጂው ካልማኮፍ፣ እንደ አባቶቹ ሥጋ የማይቀምስ፣
«ይሄ ፈረስ ውሃ ይፈራል» ይላል፣ ብረቱን ሲዳብስ።

ሚዮኮ ናካይ በመስኮቷ፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣
የፉርጎ ቁጥር ትጽፋለች፣ ጠዋት ማታ።
በጦርነቱ ጊዜ ወገኖቿን ከባሕር ዳር ከተማ አንስተው፣
በዚሁ ሐዲድ አምጥተው፣ በዚሁ ጣቢያ አራግፈው ትተው —
ይህን አታወራም። ስንት ሰው እንደወረደ ግን ከጠየቅሃት፣
መዝገብ ሳትገልጥ ትነግርሃለች፤
ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ያኔም ቆጥራለች።

ከዚያ አስፋልት መጣ። ማንም አልጮኸ፣ ማንም አልተጣላ፤
በካሚዮን ጀርባ ሄደ የሁለቱም መሰንጠቂያ ጣውላ።
ማክሰኞ ቀረ። ቀጥሎ ዓርብ።
በግንቦት ጎርፍ የአሥራ ሁለተኛውን ኪሎ ሜትር ድልድይ ወሰደ፤
ኩባንያው አልጠገነም፤ ጎታቹ እዚሁ ታገደ።

እንግዲህ ሌላ መውጫ የለውም፤ ለቁርጥራጭ ብረት
የተሸጠ ነገር በውሃ ይሂድ ተባለ፣ ያው በጠዋት።
ከሰሉን አራገፍን፤ የሆዱን ውሃ አፈሰስን፤
በግራ እሱን፣ በቀኝ ለሚዛን የተነቀለ ሐዲዱን ጫንን።
ባርጁ አጎነበሰ፤ አንድ ክንድ ሙሉ ሰመጠ፤
ኦድቫር «ቀስ!» ሊል፣ ድምፁ መሐል ላይ ተቆረጠ።

ካልማኮፍ ከጋቢናው አልወርድም አለ።
እሳት በሌለው ምድጃ ፊት፣ እጁን መዘውሩ ላይ እንዳኖረ፣
ያን ሁሉ ዓመት የፈራውን ውሃ፣ ከፈረሱ ጋር ተሻገረ።

ሚዮኮ እርሳሷን አወረደች፤ «ጎታች፣ አንድ» ብላ ጻፈች፤
«የሚመለስበት ቀን» ከሚለው ዓምድ ሥር ሰረዝ አሰመረች።
እኔ ድልድዩን አነሳሁ። ሐዲድ ከሐዲድ ሲላቀቅ
እንደ ልማዴ እጄን ከመሐል አወጣሁ፤
የሚመጣ ፉርጎ ሳይኖር።