ባለ አንድ ዓይኗ

ከአንገረብ ማዶ በትንሿ ደብር፣ በደቡቡ ግድግዳ፣
የጧፍ ጥቀርሻውን በጥጥ ስጠራርግ ብቅ አለች እንግዳ።
የሮም ወይዘሮ ናት፤ ሠዓሊው ግን ያኔ ሮምን የት አውቆ፣
ሹሩባ ሠራላት፣ ጥልፍ አለበሳት ከእናቱ ሣጥን ሰርቆ።

አንበሳው ደርሷል። የእሷ እጅ ግን ከቀሚሷ ጫፍ ላይ፣
ትሰበስባለች፣ ስትሞት እንኳ ቁርጭምጭሚቷ እንዳይታይ።
መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከታች ቀና ብለው «ጨዋ ሴት!» አሉ፤
«ገዳዮቿ እንኳ አፋቸውን ይዘው ቀሩ አሉ።
ቤቷን የጠበቀች፣ ሱፍ የምትፈትል፣ ድምጿ ከደጅ የማይሰማ፣
ይህ ነበረ ውዳሴው ለሴት ልጅ በሮም ከተማ።
ያ የታዘዘ አፍ ግን ‹ለጣዖት አላጥንም› አለ፣
ባሏ ቀለበቷን ከደጃፉ ድንጋይ ወርውሮ እየጣለ።»

ዝም ብላ እንድትፈትል ያስተማሯት እነሱ፣
ክሩ ስንት ክንድ እንደደረሰ መቁጠሩን ረሱ።

ዳኛው ባለ አንድ ዓይን ነው። በአባቴ ሙያ ሕግ ኃጥእ በጎን ይታያል፣
ጻድቅ ግን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያል።
ከጥጉ፣ ከመቃኑ ሥር፣ ጥጤ ሌላ ፊት አወጣ፦
ገረዷ ናት፤ አብራት የሞተች፣ በዚያው በአንበሳ ቁጣ።
ስም አልተጻፈላት። ቀሚስ የምትሰበስብበት እጅ የላትም፤ ማሰሮ ይዛለች።
አንድ ዓይን ብቻ አላት። ከኃጥአን ጋር ተቆጥራለች።

«ቦታ አጥሮት ነው» አሉ መሪጌታ።
ይሆናል።
ቦታ ያጥራል።

እናቴን ትርንጎን፣ አራዳ፣ በአንድ ሰው ቤት አውቃታለሁ፣
ሠላሳ ዓመት በማጀት በር ግማሽ ፊቷን አይቻለሁ።
እንግዳ ሲመጣ ከመቃኑ ታስጠጋለች ጉንጯን፤
«ጨዋ ናት» ይሏታል፤ አይጠይቋትም ማን እንደያዘላት ልጇን።

ጥቁር ቀለም በጥብጫለሁ። ብሩሼ ቀጭን ነው፣ የፍየል ጠጉር፤
የጎደለችው አንዲት ነጥብ ናት፤ ማን ያያል ብትጨመር?
እጄ ቀረበ። ቆመ።
ሁለተኛው ዓይኗ እኮ ከመቃኑ ወዲያ ነው፣
እኛ ባልገባንበት ክፍል፣ የሚያየውን እያየ ነው።

ብሩሼን አጠብኩት።
መሪጌታ ቁልፋቸውን ሲያቃጭሉ ከመሰላሉ ወረድሁ፤
በሴቶች በር ስወጣ ጉንጬን ከመቃኑ አስጠግቼ ትንሽ ቆየሁ።
ድንጋዩ ይቀዘቅዛል።
ባንዱ ዓይኔ ሥዕሉን፣ ባንዱ አንገረብን አየሁ።