በባቄላ ዕዳ

ኖቪ ሳድ፣ ቅዳሜ፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣
ሬዲዮው ጌም ሲልክ ለውጦ ወደ ፉጨት፣
ካሴቴን ደቅኜ፣ ትንፋሼንም ውጬ፣
ጨረቃ ላይ ላርፍ በጉጉት ቋምጬ፣
በሩ ብርግድ አለ፦ «ሲኒሻ፣ ና ብላ!
ቀዘቀዘብህ እኮ ያ ሁሉ ባቄላ!»
ፉጨቱ መሃል ገብቶ የእማ ድምፅ ተቀዳ፤
ጨረቃዬ ቀረች፣ በባቄላ ዕዳ።

ዛሬ ጸጉሬ ሳስቷል፤ ምድር ቤቱ ሞልቷል፦
ሽቦ፣ መበየጃ፣ ሦስት ኮምፒውተር ተፈትቷል።
ያን ካሴት ሰጠሁት፣ ድምፅ ለሚያበጥር፣
ፍሬ ከገለባ ለሚለይ ሶፍትዌር።
«እዚህ ጋ ጩኸት አለ፤ ልሰርዘው?» ሲለኝ፣
ማውሱን ለቀቅሁና፦ «ድገምና አሰማኝ።»

ከእሷ ድምፅ ቀጥሎ «መጣሁ!» የሚል አለ፤
ወንበር ሲንቀሳቀስ የሚሰማ ግን የለ።