ጠበበኝ

ቶልሚን ትንሽ ናት፤ ሁለት ወንዝ አቅፏት፣
ተራራው ጎንበስ ብሎ ጉም የሚያለብሳት።
ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ጎን፣
ጎራዝድ ሱቁን ይከፍታል፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን።

ምድጃው እስኪግል፣ ፕላስቲኩ እስኪለሰልስ፣
ያደረ የጄሶ አቧራ ከጠረጴዛው ሲያብስ፣
በመስኮቱ ያልፋል ያገሩ ሰው ሁሉ፤
እሱ ፊት አያይም፤ እግር ነው አመሉ።
«ይሄ ተረከዙን ወደ ውጭ በላው፣
ያቺን ጉልበቷን ነው ደረጃ የጎዳው፣
ፖስተኛው ዘንድሮ ለግራ እግሩ ይሳሳል፤
ከፋሲካ በፊት መምጣቱ አይቀርም» ይላል።

ሥራው አይታይም። ጫማ ውስጥ ነው ያለው፣
ከካልሲ በታች፣ ሸሚዝ የሸፈነው።
ሰርገኛው ሲጨፍር፣ ሙሽራው ሲሽከረከር፣
ማን ያውቃል ጎራዝድ እግሩ ሥር እንደነበር?

ዋጋ ሲጠይቁት ያፍራል።
ኢንሹራንስ ያልሸፈነውን በማር፣ በአይብ፣ በማገዶ ይቀበላል።
«ማገዶ ባንክ አይገባም» ትላለች ኔዣ፤ ትላለች፣
እንጨቱን ግን ደርድራ የምታስገባው እሷው ነች።

እቤት ሲገባ ጣቶቹ ላይ ጄሶ ደርቋል፤
ቲለን የሂሳብ ደብተር ይዞ በር ላይ ይጠብቃል።
ክፍልፋይ አይሆንለትም አባት፤ ወደ ሚሊሜትር
ከለወጠው በኋላ ግን የማያሸንፈው የለም ቁጥር።

ባለፈው ጥቅምት፣
ብሪና ጸጉሯን ልትታጠብ ከገንዳው ላይ ጎንበስ ስትል፣
አየ።
የቀኝ ትከሻዋ አጥንት ከግራው በለጥ ሲል።
ሌላ አባት ቢሆን ውሃውን ያፈስላት ነበር።
እሱ ግን ያንን ዳገት ያውቀዋል፣
በስንት የሰው ልጅ ጀርባ ላይ በጣቱ ወጥቶ ወርዶታል።
ራጁ ሃያ ስምንት ዲግሪ አለ።
እሱ በዓይኑ ሃያ ሰባት ብሎ ነበር።

ለስንት እናት ብሏል፣ «አይዞሽ፣ ሁለት ዓመት ነው፤
ልጅ ይለምደዋል፤ የሚከብደው ለኛ ነው።»
ያን ማታ ለኔዣ ቃል ቢፈልግ አጣ፤
አጥቦ የጨረሰውን ሳህን እንደገና ሊያጥብ መጣ።

ሐኪሙ «ልኬቱን ሌላ ሰው ይውሰድ» አለው፤ «ሉብሊያና ባለሙያ አለ።»
እሺ አለ።
እምቢ ያለችው ብሪና ናት፤
«ለጎረቤት ውሻ እንኳ እግር የሠራኸው አንተ አይደለህ?»

እሁድ ቀን ሱቁን ለሷ ብቻ ከፈተ።
ጄሶውን ነከረ። ወገቧን ያዘ።
«አባዬ፣ እጅህ ይቀዘቅዛል።»
በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም፤
ምናልባት ሁሉም ችለውት ኖሮ ይሆናል።
ሄዶ መዳፉን ከምድጃው ላይ አሞቀ።
ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳይነካ በፊት ያሞቃል።

ቢጫ መረጠች። ጀርባው ላይ በማርከር ዓሣ ሣለችበት፣
አንዱ ዓሣ መነጽር አለው፤ እሱን አስመስላ ነው አሉ።

ሌሊት ማሰሪያው ጠሽ ሲል ይሰማል። ፈታችው ማለት ነው።
ይነሳል። በባዶ እግሩ ከበሯ ይደርሳል።
አያንኳኳም።
ቆይቶ፣ አንድ፣
ሁለት፣
ሦስተኛውን ማሰሪያ ራሷ መልሳ ስታስር ይሰማል።

ግንበኛ ግድግዳው፣ አናጢ ወንበሩ
ሲቆይ ነው ደስታቸው፣ ሲከርም ነው ክብሩ።
ጎራዝድ ግን አዳሩን ሙሉ የተጠበበበት፣
ሲጠብ ነው የሚያምር፤ ሲጠብ ነው የሠራለት።

በሰኔ፣ ቁርስ ላይ፣ ዳቦዋን እየቀባች፣
«አባዬ፣ ጠበበኝ» አለች።
ኔዣ ቢላዋውን ይዛ ቀረች።
ቲለን ከደብተሩ ቀና አላለም።
እሱ ከጆሮው እርሳሱን አውርዶ፣ ልጁን ከበሩ መቃን አስደግፎ አሰመረ፤
ከዚያ ፊቱን ወደ እንጨቱ እንዳዞረ፣
«ሦስት ሴንቲሜትር ከስምንት ሚሊ» አለ፣
ለመቃኑ።