የጎንዮሽ

መጀመሪያ ያየው መስታወት አይደለም፤
ሮሜል ነው፣ ከኋላ ወንበር የሚገጥም፤
ዊኒፔግ፣ በማታ፣ አውቶቡስ ፋብሪካ፣
«መብራት በዛ እዚህ ጋ» ብሎ አናቴን ነካ።

ሳቅሁለት። ሌሊት ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ
ስልኬን እንደ ዣንጥላ ከራሴ በላይ ዘርግቼ
ሳነሳው፦ ዳር ዳሩ ጫካ፣ መሐሉ የተጠረገ አውድማ፤
እንዴት ይህን ያህል ሰፋ፣ እኔ ሳልሰማ?
«ራስ ሳይጠና ጉተና» ይሉ ነበር ሲተርቱ፤
የእኔስ ራስ ጠንቶ ነበር፤ ጉተናው ነው መክዳቱ።

ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ጻፈችልኝ።
የሳርጀንት ጎዳናዋ መድኃኒት ሻጭ «ስድስት ወር ታገስ» አለችኝ።
ርካሹን ትልቁን ፍሬ ገዝቼ፣ በቢላ አራት ቦታ
እከፍለው ነበር ሽንኩርት መክተፊያው ላይ፣ ማታ ማታ።
ፍርፋሪውን በረጠበ ጣቴ እለቅማለሁ፤
ዱቄቱን እፍ እላለሁ።

በሰባተኛው ወር፣ እነሆ፣ ቡቃያ በቀለ፤
ሳሳ ያለ፣ የጫጩት ላባ የመሰለ፤
ሮሜል አየኝና «መብራት ጠፋ!» አለ።
እውነቱን ነው። ግን አላወቀም፤
የጠፋው ከላይ ብቻ አይደለም።

እንዴት ልበለው? በእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር ያለው ቃል
ወይ ስድብ ነው ወይ የሐኪም ቤት፤ መሐሉ ባዶ ይሆናል።
«ደክሞኛል» አልኩ፤ «ፈረቃው» አልኩ፤ «ብርዱ» አልኩ፤ «ወገቤ»።
ገላዬ ከእኔ ቀድሞ ተኛ፤ ተከትሎ ተኛ ልቤ።
ኳስ አየሁ፣ ማን እንዳገባ ሳልጠይቅ፤
የእህቴ ልጅ ቀልድ ነገረኝ፣ ሳልስቅ፤
ጡቴ ሹራብ ሲነካው ጠዘጠዘኝ። በታኅሣሥ አሳበብኩ፣
በአስር ሰዓት ተኩል በምትጠልቅ
በዚያች ሰነፍ ፀሐይ።

አንድ ቅዳሜ ውብዓለም ካርቶኑን ልትጥል አንስታ
ያንን ወረቀት አገኘችው። ዘጠኝ እጥፍ ነው፤ ፈትታ
ጠረጴዛው ላይ ስታነጥፈው የገበታ ጨርቅ አከለ፤
ጽሑፉ የጉንዳን ሰልፍ መሰለ።
መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ እየተከተለች ስታነብ
ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ነፋሱ ሲመታ ይሰማል የመስኮቱን ግንብ።
«የፍላጎት መቀነስ» ይላል። «የስሜት መደብዘዝ» ይላል።
«ከመቶ ጥቂት ሰው» ይላል።
ሎተሪ ደርሶኝ የማያውቅ፣ ምን ዕድል ነው የእኔ!
ቀና ብላ ስታየኝ ወደ መስኮት ሸሸ ዓይኔ።

«ስድስት ወር ሙሉ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ «ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ።
ሰውነቴን በመስታወት አየሁት፤ አረጀሁ አልኩኝ።»

«የጎንዮሽ ጉዳት» ይለዋል። ስም አውጪው ይባረክ፣ ያውቃል፤
ዋጪው እኔ ነኝ፤ የሚጎዳው ግን ከጎኔ ይተኛል።

ከታች ደግሞ አንድ መስመር፦ ነፍሰ ጡር፣ ወይ ለመጽነስ ያሰበች
ሴት፣ የተሰበረውን ፍሬ በእጇ እንዳትነካ ትላለች።
ሁለታችንም ዞር ብለን መክተፊያውን አየነው።
ስም ያወጣንለት ልጅ አለን፤ የቀረው መምጣቱ ነው።
ምንም አላለች። በፌስታል ጠቅልላ፣ ኮት ሳትደርብ ወረደች፤
ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት።
ከመስኮት አያታለሁ፤ መክተፊያውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጥላ
ከጣለችም በኋላ ቆማለች።

አቆምኩ። ሐኪሟ «ይመለሳል ይሆናል፤ ጊዜ ይፈልጋል» አለች፤
«ይሆናል» የምትባለው ቃል ከሌሎቹ ሁሉ ከበደች።
ቡቃያው ሰኔ ላይ ረገፈ፤ ትራሱ ላይ ቆጠርኩት።
ሮሜል «መብራት መጣ» አለ፤ እኔ ግን ዝም አልኩት።

ጥቅምት ላይ፣ ፖርቴጅ መንገድ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ቆሜ
ቆቤን አወለቅሁና፣ ብርዱን በአናቴ ተሸክሜ፣
«ከራስ በላይ ነፋስ» አልኩ። ለካ ተረቱ
ለመላጣ ኖሯል መተረቱ።

ሦስት ሩብ ፍሬ ግን፣ አልዋሽም፣ ከካልሲዎቼ ሥር አለች፤
አልጣልኳትም፤ ውብዓለምም አይታ እንዳላየች ሆነች።
ዛሬ ሌሊት ቀዝቃዛ እግሯ እግሬን ነካ። አልሸሸሁም።
ለመተኛት ይሁን ለመንቃት፣ አላወቅሁም።